ጋዜጣ የሠራው ሆስፒታል

ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር አዲስ አበባ ገባ። ያንኑ ዕለት ቀኑ አድርጎ አንድ አዲስ ሳምንታዊ ጋዜጣ ለንደን ላይ መውጣት ጀመረ። ስሙ «ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ» ነው፤ አዘጋጇ ሲልቪያ ፓንክረስት። ዕለቱ የልደታቸውም ቀን ነበር፤ 54 ዓመት ሞላቸው። ኢትዮጵያ አበቃላት በተባለበት ቀን በስሟ ጋዜጣ ማውጣት በየትኛውም የገበያ ስሌት ኪሳራ ነው። ጋዜጣው ግን 20 ዓመት ቆየ። ከሥራዎቹም አንዱ እዚሁ አዲስ አበባ ውስጥ እስከ ዛሬ በሽተኛ የሚታከምበት ሆስፒታል ነው።

የዓመት መጽሐፋችን አዘጋጆች «ታሪክ ቀመስ የሆነ ነገር ጻፊልን» ሲሉኝ ይኼን የመረጥኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ማኅበራችን ዘንድሮ ለአንድ የማዋለጃ ክፍል ዕቃ ማሟያ ገንዘብ ሊያሰባስብ ተነሥቷል። ደብዳቤ ይጻፋል፣ በራሪ ወረቀት ይታተማል፣ በቴሌግራም ይለቀቃል። በየስብሰባው የሚነሣው ጥያቄ ደግሞ አንድ ነው፦ «ሰዉን በምን እንሳበው?» እኔ የማህፀንና ጽንስ ሐኪም ነኝ እንጂ የማስታወቂያ ባለሙያ አይደለሁም። ነገር ግን ጥያቄው ከኛ በፊት የተጠየቀ ስለሆነ፣ መልሱም በኛው ከተማ ስለሚገኝ፣ እስቲ ልተርክላችሁ።

ታሪኩ የሚጀምረው ከኢትዮጵያ ርቆ ነው። ሲልቪያ በእንግሊዝ አገር ለሴቶች የመምረጥ መብት ከታገሉት ከኤመሊን ፓንክረስት ልጆች አንዷ ናቸው። ከእናታቸውና ከእህታቸው ጋር በአካሄድ ሲለያዩ ምሥራቅ ለንደን፣ ቦው ከሚባለው የሠራተኞች ሰፈር ገብተው ከሰዉ ጋር ኖሩ። እ.ኤ.አ. በ1914 ለሰፈሩ ሴቶች «ዉመንስ ድሬድኖት» የተባለ ጋዜጣ ጀመሩ። በዚያው ዓመት አንደኛው የዓለም ጦርነት ፈነዳ፤ ባሎች ዘመቱ፣ የምግብ ዋጋ ናረ። ጋዜጣው የወታደር ሚስቶች የድጎማ ገንዘብ ለምን እንደሚዘገይ፣ ሴቶች በየፋብሪካው ለምን ያን ያህል ትንሽ እንደሚከፈላቸው ይጠይቅ ነበር። ጽፎ ግን ዝም አላለም። እነሲልቪያ ምግብ በወጪው ዋጋ ብቻ የሚሸጥበት ቤት ከፈቱ። ቀጥሎም «የጠመንጃ ሠሪዎች» ይባል የነበረን አንድ መጠጥ ቤት ወስደው የእናቶችና የሕፃናት ክሊኒክ፣ የሕፃናት መዋያም አደረጉት። ስሙንም ለውጠው «የእናቶች» አሉት። (ይቺን የስም ለውጥ ሳነብ ብቻዬን ስቄያለሁ።)

ለኔ ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። ጋዜጣውን የጻፈው እጅና ለሕፃኑ ወተት የቀዳው እጅ አንድ ነበር። ስለ ድጎማ ገንዘብ የሚጻፈው ዓምድ ከየት መጣ ቢባል፣ ጠዋት ክሊኒኩ ደጃፍ ላይ ሕፃን ታቅፋ ከቆመችው እናት አፍ ነው። አንባቢዋም ያቺው እናት ናት። ስለሷ የተጻፈውን ስታነብ ራሷን ታገኘዋለች፤ ውሸት ቢሆን ደግሞ መጥታ ፊት ለፊት ትናገራለች።

እ.ኤ.አ. በ1930 ሲልቪያ ስለ እናቶች ሞት አንድ መጽሐፍ አወጡ፤ ርእሱ ወደ አማርኛ ቢመለስ «እናቶችን አድኑ» ማለት ነው። በእንግሊዝና በዌልስ በየዓመቱ 3 ሺህ ያህል እናቶችና 20 ሺህ ሕፃናት እንደሚሞቱ የሚናገረው አኃዝ ገና ከርእሱ ሥር ሰፍሯል፤ መጽሐፉን ያልገለጠ ሰው ሳይቀር ያየዋል። ይኼ ማስታወቂያ ነው፤ ያውም ጥሩ ማስታወቂያ። ውስጡ ደግሞ መንግሥት ለወላዶች ሁሉ የሕክምና አገልግሎት እንዲዘረጋ የሚጠይቅ ሐሳብ ነው። ልጃቸውን ሪቻርድን የወለዱት ከሦስት ዓመት በፊት፣ በ45 ዓመታቸው ነበር። የኛ ሙያ ሰው ይቺን ዕድሜ ሲሰማ ምን እንደሚያስብ አውቃለሁ።

እንግዲህ ይኼ ሁሉ ልምድ ነው እ.ኤ.አ. በ1936 ወደ ኢትዮጵያ ጉዳይ የዞረው። መጀመሪያ ላይ ነገሩ ገበያ ነበረው። ጦርነቱ የዓለም ጋዜጦች ወሬ ነበር፤ የንጉሠ ነገሥቱ ስም በየሰዉ አፍ ላይ ነበር። ወሩ ሳይረዝም ግን ወሬው ቀዘቀዘ። የመንግሥታቱ ማኅበር በዚያው ክረምት በኢጣሊያ ላይ የጣለውን ማዕቀብ አነሣ፤ የእንግሊዝ መንግሥትም እ.ኤ.አ. በ1938 ወረራውን እውቅና ሰጠው። የሲልቪያ ጋዜጣ ሳምንት እየጠበቀ መውጣቱን ቀጠለ። ስለ መርዝ ጋዙ፣ ስለ የካቲት 12ቱ ጭፍጨፋ፣ በየዱሩ ስላሉት አርበኞች ጻፈ። ሌላው ጋዜጠኛ ወደ ሌላ ወሬ ሲሄድ እሳቸው የቀሩት ለምንድን ነው? ከሰዉ ጋር ነበሩ፤ ወሬው ቢሄድ ሰዉ አልሄደማ።

ነቀፌታም አለኝ፤ አልደብቅም። ሲልቪያ ለኢትዮጵያ ሕዝብ የነበራቸው ፍቅርና ለቤተ መንግሥቱ የነበራቸው ፍቅር ተደበላልቆባቸዋል። የንጉሡን አስተዳደር ጉድለት በብዕራቸው ሲነኩ አይታይም። ለገበሬው ከልቧ የምታዝን ጸሐፊ የገበሬውን ጭሰኝነት እንዴት ዝም አለች ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር ጥያቄው ተገቢ ነው። ማዘን ብቻውን ዓይን አይሆንም፤ አንዳንዴ እንዲያውም ይጋርዳል።

ወደ ሆስፒታሉ ልመለስ። ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በስደቱ ዘመን ለንደን በሚገኘው በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል የነርስነት ሙያ ተምረው ነበር። የንጉሥ ልጅ ሆነው የበሽተኛ አልጋ አነጠፉ። ከነጻነት በኋላ አገራቸው ገብተው ትዳር ያዙ፤ ብዙም ሳይቆዩ በእርግዝና ላይ በደረሰባቸው ችግር ነሐሴ 1934 ዓ.ም. ነቀምቴ ላይ አረፉ። ነርስ ነበሩ፣ ወጣት ነበሩ፣ የገደላቸውም ዛሬ እኛ በየተራችን የምንታገለው ነገር ነው።

ሲልቪያ በስማቸው መታሰቢያ ሆስፒታል እንዲሠራ ለገንዘብ ማሰባሰቡ ሥራ ጋዜጣቸውን አሰለፉ። ይኼ ሲሆን ለንደን ራሷ በቦምብ የተመታች፣ ምግብ በራሽን የምታድል ከተማ ነበረች። እንዲህ ያለ ሕዝብ ስለማያውቀው አገር እናቶች ብሎ ኪሱን ይፈታል? ፈታ። እኔ እንደሚመስለኝ ጋዜጣው ለዓመታት ሳይለምን ስለ ኢትዮጵያ ሲተርክ ኖሮ ነበርና፣ ልመናው ሲመጣ አንባቢው ስለ ማን እንደሚለመን ያውቃል። ልመና በደብዳቤው የመጀመሪያ መስመር ላይ ሲመጣ ሌላ ነው፤ ከዓመታት ወዳጅነት በኋላ ሲመጣ ሌላ። ሆስፒታሉ እ.ኤ.አ. በ1951 ተከፈተ። ዛሬ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል የምንለው እሱ ነው። ስንቶቻችን በበሩ እናልፋለን!

ሲልቪያ እ.ኤ.አ. በ1956 ከልጃቸው ጋር አዲስ አበባ ገብተው መኖር ጀመሩ፤ እዚህም «ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር» የተባለ መጽሔት ማዘጋጀታቸውን አልተዉም። መስከረም 17 ቀን 1953 ዓ.ም.፣ የመስቀል ዕለት፣ አርፈው በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ከአርበኞች ጋር ተቀበሩ። ልጃቸው ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት በዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ አስተምረው፣ በኋላ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም የመጀመሪያ ዳይሬክተር ሆኑ። ስድስት ኪሎ የተማራችሁ ይኼን ለናንተ መንገር የለብኝም።

የሆስፒታሉ ታሪክ ግን በሌላ ወረቀት ይቀጥላል፤ አሁን በሥራ ማስታወቂያ። በልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል የአዋላጅ ነርሶች ትምህርት ቤት የሚያቋቁም የማህፀንና ጽንስ ሐኪም ተፈልጎ «ላንሴት» በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ማስታወቂያ ወጣ። አውስትራሊያዊቷ ዶ/ር ካትሪን ሃምሊንና ኒው ዚላንዳዊው ባለቤታቸው ዶ/ር ሬጂናልድ ሃምሊን አነበቡት። ለሦስት ዓመት ብለው እ.ኤ.አ. በ1959 ልጃቸውን ይዘው መጡ። ከዚያ በፊት የወሊድ ፊስቱላን በዓይናቸው አይተው አያውቁም ነበር።

ሐኪም ላልሆናችሁ ባጭሩ ላስረዳ። ምጥ ለቀናት ሲራዘም የሕፃኑ ጭንቅላት የእናቲቱን አካል ከአጥንት ጋር አጣብቆ ደም ያሳጣዋል። የሞተው ሥጋ ሲወድቅ ቀዳዳ ይተዋል፤ ሽንት፣ አንዳንዴም ዓይነ ምድር፣ ያለ ማቋረጥ ይፈሳል። ሕፃኑ ብዙ ጊዜ አይተርፍም። ሴትዮዋ ከቤት ወደ ጓሮ፣ ከጓሮ ወደ ብቸኝነት ትገፋለች።

የዚህ በሽታ ቀዶ ሕክምና የራሱ የጽሑፍ ታሪክ አለው፤ ለዚያ ትንሽ ወደ ኋላ፣ ወደ አሜሪካ ልውሰዳችሁ። ማሪዮን ሲምስ የተባለው ሐኪም እ.ኤ.አ. ከ1845 እስከ 1849 በአላባማ ግዛት፣ በሞንትጎመሪ ከተማ፣ በባርነት በተያዙ ጥቁር ሴቶች ላይ ያለ ማደንዘዣ ደጋግሞ ቀዶ ሕክምና አደረገ። አናርቻ የተባለችው ብቻዋን 30 ጊዜ ያህል ተሠርታለች። በመጨረሻ በብር ክር ሰፍቶ ተሳካለት፤ እ.ኤ.አ. በ1852 ዘዴውን አሳትሞ ስሙ በዓለም ናኘ። የሕይወት ታሪኩንም ጻፈ። ጽሑፉ ቴክኒኩን ግሩም አድርጎ ያስረዳል፤ ካልዋሸሁ እኛም እስከ ዛሬ ከሱ ያተረፍነው አለ። ነገር ግን አናርቻን፣ ሉሲን፣ ቤትሲን የምናውቃቸው በሱ ብዕር ብቻ ነው። ምን እንዳሉ፣ እሺ ብለው እንደሆነ፣ በኋላ የት እንደደረሱ ከራሳቸው አፍ የቀረልን ቃል የለም። በኒው ዮርክ ሴንትራል ፓርክ ቆሞለት የነበረው ሐውልት እ.ኤ.አ. በ2018 ተነሣ። ሲምስ በሽታውን አይቶታል፤ ሴቶቹን ግን ያየ አይመስለኝም።

ሃምሊኖችም ጽፈዋል፣ ለዓለምም አስተዋውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1969 በእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት ላይ ሙሉ በሙሉ የጠፋን የሽንት ቧንቧ እንደገና ስለ መሥራት ያወጡት ጽሑፍ አለ። እ.ኤ.አ. በ1974 የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታልን መሠረቱ። ዶ/ር ሬጂናልድ እ.ኤ.አ. በ1993 ካረፉ በኋላ ዶ/ር ካትሪን እ.ኤ.አ. በ2001 «በወንዙ ዳር ያለው ሆስፒታል» የሚል ትርጉም ያለው መጽሐፍ አሳተሙ። እ.ኤ.አ. በ2004 በኦፕራ ዊንፍሪ የቴሌቪዥን ፕሮግራም ላይ ቀረቡ፤ ገንዘብ ጎረፈ። በማርኬቲንግ ቋንቋ ይኼ «ትልቅ ስኬት» ነው። እስከ ዛሬ በሆስፒታሉና በቅርንጫፎቹ ከ60 ሺህ በላይ ሴቶች በነጻ ታክመዋል።

ግን ስኬቱ ከቴሌቪዥኑ የመጣ አይደለም። አዲሱን ቀሚስ ተመልከቱ። አንዲት ታካሚ ድና ስትሸኝ አዲስ ቀሚስና የመሳፈሪያ ገንዘብ ይሰጣታል። ቀሚሱ ለፎቶ እንዴት እንደሚያምር ማንም የማስታወቂያ ሰው ያውቃል፤ «በፊት» እና «በኋላ» ተብሎ ጎን ለጎን ይደረደራል። ቀሚሱ የተገዛው ግን የድሮው ልብሷ በሽንት ስለተበላ ነው። በአውቶቡስ ከሰው ጎን ተቀምጣ እንድትሄድ ነው። ይኼን ያሰበ ሰው ካሜራ አላሰበም።

ሌላም አለ። ማሚቱ ጋሼ እ.ኤ.አ. በ1962 ገና ልጅ ሳሉ በከባድ ጉዳት የመጡ ታካሚ ናቸው። እዚያው ቀርተው አልጋ ማንጠፍ ጀመሩ፤ ከዚያ ቀዶ ሕክምና ክፍል ዕቃ ማቀበል፤ ከዚያ ራሳቸው ቀዶ ሕክምና የሚያደርጉ ባለሙያ ሆኑ፤ መደበኛ ትምህርት ሳይኖራቸው። እ.ኤ.አ. በ1989 የለንደኑ ሮያል ኮሌጅ ኦፍ ሰርጅንስ የወርቅ ሜዳሊያ ሲሰጥ ከሃምሊኖች ጋር ተሸለሙ። አናርቻ በሲምስ ጽሑፍ ውስጥ ቀረች፤ ማሚቱ ግን ቢላውን ራሳቸው ያዙ።

ከሁሉ በላይ የሚገርመኝ እ.ኤ.አ. በ2007 የተከፈተው የሃምሊን የአዋላጅ ነርሶች ኮሌጅ ነው። አስቡት እስቲ። የዓለምን ልብ የሚሰብረው የተጎዳችው ሴት ታሪክ ነው፤ ገንዘብ የሚያመጣው እሱ ነው። ሆስፒታሉ ግን ያንን ገንዘብ ወስዶ ገጠር ተወልደው ያደጉ ልጆችን አዋላጅ አድርጎ ወደ ገጠር መመለስ ላይ አዋለው፤ የተጎዳች ሴት እንዳትኖር። መከላከል ለፎቶ አይመችም። በሰላም ወልዳ ገንፎዋን የምትበላ እናት ለማንም ለጋሽ እንባ አታስመጣም። አንድ ድርጅት የሚለምንበትን ታሪክ ለማጥፋት ሲሠራ ካየሁ ለሰዉ ማሰቡን ያኔ አምናለሁ፤ ከዚህ የተሻለ መለኪያ አላገኘሁም። ሥራው ዶ/ር ካትሪን እ.ኤ.አ. በ2020 ካረፉም በኋላ አልቆመም።

ገንፎ ካልኩ አይቀር፣ ወደ ራሳችን ቤት ልምጣ። ተመርቄ የወጣሁ ሰሞን የሠራሁበት አንድ ጤና ጣቢያ ግድግዳው ሁሉ «በጤና ተቋም ይውለዱ» የሚል ፖስተር ነበር። ሥዕሉ ያምራል፣ ፊደሉ ትልቅ ነው። የሚወልድበት ሰው ግን ጥቂት ነበር። አንዲት ትልቅ እናት፣ የልጃቸውን ሚስት ለክትትል ይዘው መጥተው፣ ፖስተሩን አነበብኩላቸው። አዳምጠው ሲያበቁ፣ «ልጄ፣ እዚህ ስትወልድ ገንፎውን ማን ያገነፋል? ቡናስ ማን ያፈላል? ቀዝቃዛ አልጋ ላይ ብቻዋን አስተኝቼ ልሂድ?» አሉኝ። ፖስተሩ ይኼን አይመልስም። ያሳተመው ቢሮ አልጠየቃቸውማ!

በኋላ የእናቶች ማቆያ በየጤና ጣቢያው ሲስፋፋ፣ ከነገንፎው ምንቸትና ከነጀበናው ሲመጣ፣ ቤተሰብ አብሮ መግባት ሲችል፣ ነፍሰ ጡር እናቶችን ሰብስቦ ማወያየት ሲለመድ፣ እነዚያ ጥያቄዎች መልስ እያገኙ መጡ። መንገዱና አምቡላንሱ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቹ ልፋትም አለበት፤ ሁሉን ለገንፎ አልሰጥም። ግን ጀበናው ከፖስተሩ የበለጠ አሳማኝ ጽሑፍ ነበር ብል ማጋነን አይመስለኝም።

ዛሬ ደግሞ የሙያ ባልደረቦቻችን በቲክቶክ የታካሚን ፊት እያሳዩ፣ «ያለ ምንም ሕመም፣ በአንድ ቀን» እያሉ ሲያስተዋውቁ አያለሁ። ስለሱ ብዙ አልልም፤ ሲምስን ያነበበ ይገባዋል።

አሁን ስለኛው ደብዳቤ። የኮሚቴው የመጀመሪያ ረቂቅ ደርሶኛል። ጓደኞቼ ደክመውበታል፣ አማርኛውም ያማረ ነው። በላዩ ላይ ግን በቃሬዛ የተኛች፣ ፊቷ በምጥ የተጨነቀ እናት ፎቶ አለ። ማን እንደሆነች፣ ማን እንዳነሣት የሚያውቅ የለም። ለኮሚቴው ሦስት ነገር ጽፌያለሁ። ከተመራቂዎች ገንዘብ ከመጠየቃችን በፊት የማዋለጃ ክፍሉ አዋላጆች በየሌሊቱ ምን እንደሚጎድላቸው በራሳቸው ቃል ይንገሩን፤ ያንን እንላክ፤ ልመናው በኋላ ይምጣ። ገንዘቡ ከገባ በኋላ ምን እንደተገዛ፣ ያልተሳካውም ሳይቀር፣ ለሰጪው ሁሉ ይድረስ። ሦስተኛው ስለ ፎቶው ነው። እናቲቱ ትፈለግ፤ ከተገኘች ሄጄ ደብዳቤውን በምትሰማው ቋንቋ አነብላታለሁ፣ እሺ ካለች ይቆያል። ካልተገኘች ወይም እምቢ ካለች ይውጣና በቦታው የማዋለጃ አልጋውና የኦክሲጅን ማሽኑ ዋጋ ይግባ።

ሁለተኛው ረቂቅ ለጠቅላላ ጉባኤው ይቀርባል። አስተያየት ያላችሁ ከዚያ በፊት አድርሱን።